የራስ አፍ

ሐኪሟ ጠየቀች፦ «ታጨሻለሽ ወይ?»
«ኧረ እኔ!» አልኳት፣ ዐይኔን ወደ ላይ።
ውሸትም አይደለ፤ ሲጋራ አልነካም፣
ቅጿም «በቀን ስንት?» እንጂ ሌላ አይልም።
የሐሙስን ማታ በፍሬ ማን ይቆጥረዋል?
ሳጥን ያልተሠራለት የቱ ጋ ይሞላል?

ቀዝቃዛ ብረቷን ከጀርባዬ አኑራ
«ሳቢ» አለች፣ ሳብኩኝ። «ያዢው» አለች፣ ያዝኩ።
«ልቀቂ» ስትለኝ
ሳል ቀደመኝና ትእዛዟን አልፈጸምኩ።

ከትራም ካርዴ ጎን፣ በመሐረብ ታስራ፣
ትንሽ አፍ አለችኝ፣ አረንጓዴ ፕላስቲክ።
የኔስሊሃን ቀይ ናት፤ የሮጅዳ ሰማያዊ፤
የእንግዳወርቅ ነጭ ነበረች፣ ድሮ።
ጎማው አንድ ብቻ፣ አፉ የየራስ፤
ሕጋችን ይሄ ነው፣ ጽዳታችንም እስከዚህ ድረስ።

ከማስ ወንዝ ማዶ፣ ካትንድሬክት ሰፈር፣
ፊት ለፊት ወንዶች፣ ኳስ እያዩ ጩኸት፤
ከመጋረጃው ኋላ የኛ አራት ወንበር፣
አንዱ የሚንገዳገድ፣
ያረፈደች የምትቀመጥበት።

ሮጅዳ፣ አማቷ እንደምታውቃት፣
የሐሙስ ማታ የቋንቋ ተማሪ ናት።
ሦስት ዓመት ተምራ፣ አልወደቀች አላለፈች፣
እዚያው አንደኛ ደረጃ ላይ አለች።
እንግዳወርቅ፣ የሆቴል አንሶላ ስትገፍፍ ውላ፣
«ውሃው ያጥበዋል» ትላለች ጭሱን፣
ጸበል ይመስል።
አናምናትም። ግን ፖም ፖም እየሸተተ
ማን ይከራከራል?

ባሌ በረንዳ ላይ በቀን አንድ ፓኮ
ይጨርሳል፤ ማን ጠየቀው?
እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ማስቲካ አኝካለሁ፣
ሻርፔን አራግፌ፣ እጄን አሽትቼ፣ ደወል እደውላለሁ፣
ቁልፍ በኪሴ እያለ።
ወንድ ሲያጨስ ሱስ ነው፣
ሴት ስታጨስ ወሬ ነው።

ይሄን እንኳ ለሐኪም መንገር ይቻላል።
ያኛውን ግን በምን ቋንቋ ልንገር፦
ጎማውን የያዘች ናት ባለ ተራ ለመናገር።
ሌሎቹ ዝም ይላሉ፣
ውሃው ብቻ ሆዱ ይጮኻል።
ቤት ውስጥ ስናገር ልጄ ስልኩን ያያል፣
ሥራ ቦታ አለቃዬ ሰዓቱን ያያል፤
እዚያ ግን ጎማው በእጄ እስካለ
ቃሌን ከመሐል ያቋረጠ የለ።
ስለ እናቴ ሞት ያወራሁት እዚያ ነው፤
ስለ ጡቴ እብጠት፤
ስለዚያ፣ አሁን የማልጽፈው ነገር።

ሃያ ቀን ተውኩ።
አፌን ከድልድዩ ወደ ማስ ወረወርኩ።
እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ደስ ባለኝ፤
እጄ ደህና ነበር። ስልኬ ነው ዝም ያለኝ።
አንድ ሐሙስ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ፤
የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ሲንቦጨቦጭ ሰማሁና
ሳህን በእጄ እንደያዝኩ
ቆሜ አዳመጥኩት፣ እንደ ሞኝ።

በሃያ አንደኛው ቀን ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።
ሻይ ብቻ፣ በናና።
የሚንገዳገደው ወንበር ደረሰኝ።
ሮጅዳ የፍቺውን ወረቀት ፈርማለች፤
አማቷ አልሰማችም፤
ጭሱን እያስረዘመች ነገረችን።
እንግዳወርቅ አለቀሰች፣ የሰማያዊዋ ባለቤት አላለቀሰችም።
ከዚያ ጎማው ዞረ፣ በኔስሊሃን በኩል።
«ያዢ» አለችኝ።
«አፍ የለኝም» አልኳት።

ሦስቱም ጸጥ አሉ።
ኔስሊሃን ቀዩዋን አፏን በእጅጌዋ ጠረገች፣
ደግማ ጠረገች፣
ወደኔ አዞረችው። የራሷን።
«ንገሪን» አለች።

«ልቀቂ» ያልሽኝ የትኛውን ነው፣ ሐኪም?
ከሰሉ ዐመድ ለብሷል፤ ሦስት ሴቶች ይጠብቃሉ፤
እኔም ገና አልጀመርኩም።