ጎመን በጤና

ሐሙስ ነው፤ ከሂርማታ ገበያ የተረፈ ጭቃ በየጫማው፣
ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ሰልፉም ማብቂያ የለው።
ሙልኪ አባ ጨብሳ ደረሰች፣ ከዴዶ በንጋት ወጥታ፤
ከመናገሯ በፊት ግን ደረቷ ይሰጣል ሰላምታ፦

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያመማት፣ ማንም ከቁብ ያልጣፈው
ወደ ልቧ ወርዶ፣ ዓመት ቆጥሮ፣ በሯን አንዱን አጠፈው፤
አሁን ብረት ተተክቶበት እየከፈተ ይዘጋል።
«ባሌ ሌሊት አይተኛም፤ ‹ሰዓቱን አጥፊው› ይለኛል።»

ደም ብረትን አይለምድም። ዓመት ቢያልፍ፣ ሁለት ቢያልፍ
እንግዳ ነው፤ ይከበዋል፤ ይረጋበታል ሳያርፍ።
ስለዚህ ዋርፋሪን፦ ፈዛዛ ሮዝ፣ ከምስር ጥቂት የምትበልጥ፣
በመሃሏ መስመር ያላት፣ ለግማሽ እንድትቆረጥ።

ወረቀቴን ትቼ፣ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ፣
እንዲህ ነበር ያስረዳኋት፣ ጉበቷን መንደር አድርጌ፦
«ደም የሚያረጉት በዚያ መንደር እንጨት ፈላጮች ናቸው፤
ቫይታሚን ኬ፣ እየተዋሱ የሚሠሩባት መጥረቢያቸው።
አንዱ ፈልጦ ሲጨርስ ስለቷ ይዶለዱማል፣
ሞረድ ካለ ትሳልና ለቀጣዩ ትሰጣለች፣ ሥራው ይቀጥላል።
ዋርፋሪን መጥረቢያ አይሰርቅም፤ ፈላጩንም አይነካ፤
ሞረዱን ነው የሚደብቀው።»
                    «ሞረዱን ነው ለካ!»

«ጎመን ደግሞ» አልኩ፣ «አዲስ መጥረቢያ ነው፣ ስለታም፣ ከገበያ።
እንዳትበዪ።» ይኸው ነው። አንድ ቃል፣ ያለ ማብራሪያ።
ከኋላዋ በሰልፉ ላይ አሥራ ሰባት ሰው ነበር፤
መብራት ጠፍቶ፣ ኢንሱሊኑ በረዶ ሽቶ፣ ስንቱን ልናገር?

በሦስተኛው ሳምንት መጣች፣ ዝናብ በያዘው ሌሊት፣
ሻርፗን አፏ ላይ ጭና፤ አይ ኤን አር ስምንት ነጥብ ሁለት።
ድዷ ይደማል። ጭኗ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሰማያዊ።
«አስፕሪን ወስደሻል? ለሆድሽ ሜትሮኒዳዞል ከሱቅ?
ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን? ፌጦ?» እሷ ራሷን ስትነቀንቅ።
«ኪኒኑን ደርበሽ ነው?» «በፍጹም! አንዲት፣ ከሶላት ኋላ።»
«ታዲያ ምን ቀየርሽ?» አየችኝ።
                    «ያልከኝን ነዋ! ጎመን ሳልበላ
ይኸው ሃያ ቀኔ።»

እሷ ቤት ክረምት ማለት ጎመን ነው፤ ምሳም፣ ራትም፣
ሌላ የሚበላ የላትም።
መጠኑን ስንቀምርላት፣ ያኔ፣ ዋርዱ ውስጥ ተኝታ፣
እናቷ በሳህን ጎመን ታመላልስ ነበር፣ ጠዋት ማታ።
ደሟ ከጎመኗ ጋር ታርቆ ነበር። እኔ አጣላኋቸው።
መጥረቢያውንም ወሰድኩ፣ ሞረዱ እንደተደበቀ፤
የመንደሩ ሰው ባዶ እጁን ደጅ ላይ ቆሞ ተጨነቀ።

ሐኪሟ ኪኒኑን አቆመ። ከመርፌው ብልቃጥ በጠብታ
ቫይታሚን ኬ አጠጣናት፣ ጥቂት፣ በስኳር ውሃ ተመትታ።
ካነሰ ድዷ አይደርቅም፤ ከበዛ በሩ ይዘጋል፤
ሰው እንዲህ በክር ላይ ያድራል።

እስኪነጋ አልሄድኩም። ጭጋግ ከጅሬን ወርዶ፣ አዌቱ ሞልቶ ሲጮኽ፣
እኔ የምሰማው አንድ ድምፅ፦ ቀጭ።
ከዚያ ሌላ።
ከዚያ ሌላ።

«ጎመን በጤና» ሲባል፣ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፣
ያለህን ብላ፣ አትመኝ፣ ዓይነት የድሃ ምክር።
ካርዷ ላይ ጻፍኩ፦ «ጎመን፣ በየቀኑ፣ አንድ ጭልፋ፤
አይጨመር፣ አይቀነስ።» አነበበች፣ ጣቷን በፊደሉ አሳልፋ።
«በየትኛው ጭልፋ?» አለች። «የእናቴ ነው የአማቴ?
የአማቴ ጥልቅ ነው።»
                    ዝም አለ አምስት ዓመት ትምህርቴ።

በሐሙሱ ከሰልፉ መሃል እጇ በመስኮቱ ገባ፦
ጥቁር የእንጨት ጭልፋ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ።
ውሃ ሞልቼ በመለኪያው ብርጭቆ ገለበጥኩት።
ከኋላዋ ሰው አጉረመረመ።
ሁለቴ ለካሁት።