ሁለተኛ እጅ

ለገጣፎ ነው ቤቱ፣ ካስፋልቱ ገባ ብሎ፣
ሽቦው ካጥሩ በላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥሎ።
እኔና ጉርሜሳ፣ አስራ አንድ ቀን ሙሉ
ነጭ በነጭ ቀባን፤ «አይደለም» እያሉ
መለሱን ወይዘሮ ፌቨን፣ ከስልካቸው ሳይነቀል ዓይናቸው፦
«ይሄ ነጭ ይጮሃል፤ ዝም የሚለውን ፈልጉት፣ ከመሃላቸው።»

ቀለም እንደሚጮህ፣ ሃያ ዓመት ቀብቼ
ያን ጠዋት ሰማሁኝ፣ ብሩሼን አንስቼ።
የኖራ ነጭ አለ፣ የጥርስ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣
ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ የሐኪም ቤት አንሶላ፤
ጠብታ ጥቁር ጣል፣ ግማሽ ጠብታ ቢጫ፣
አንዱን በባልዲ ደፍተን ስንበጠብጥ ሌላ፣
መጨረሻ ላይ ግራጫ።

«እሱ!» አሉ፤ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ከደኑ፣
ውዳሴ የሚደግም ሰው መሰሉ ላንድ አፍታ።
ግድግዳው ግራጫ፣ ግራጫ መጋረጃ፣
ድመቷም ግራጫ፤ ሶፋው ላይ ተኝታ
ጓሮ ለጓሮ ስንፈልጋት ዋልን፣ ከምሳ እስከ ማታ።

«ቀለም የሚያበዛ ሰው» አሉኝ ሒሳብ ሲከፍሉኝ፣
ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣
«ምንም ያላየ ነው።»
ክፋት አልነበረውም። እንደ ምክር ነው የሰጡኝ፣
ከተረፈው ባልዲ ጋር አብረው ነው የመረቁኝ።

ባልዲውን በጉልበቴ መሃል ይዤ፣ በሚኒባስ፣
ወደ የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ።
በሩን ስከፍት ጮኸብኝ ቤቴ፦
ያ አረንጓዴ፣ የመረጠችው የሺመቤት ሚስቴ፣
እንደ ቃሪያ የሚለበልብ፤
ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣
ከላይ ፈረስ የተሳለበት ምንጣፍ፣ ጋልቦ ወንዝ ሲገባ፤
ባንድ ላይ አሽካኩብኝ።
እዚህ ጫጫታ ውስጥ እንዴት ነበር የተኛሁት?
እሁድ፣ እሷ ቅዳሴ ሳለች፣ ቀባሁት።
ለአንድ እጅ ብቻ በቃ።
ፈረሱን፣ ሚስማሩ እምቢ ቢለኝ፣ ዙሪያውን ዞርኩት።

አማቴ እትዬ ዘርፌ ከሸኖ መጡ፣
ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ከግድግዳው ርቀው ተቀመጡ።
«ስቱኮውስ ጥሩ ነው፤ ቀለሙን መቼ ትቀባዋለህ?»
«ቀለሙ ይሄ ነው።»
ቆዩ። ተጠጉኝ። በሹክሹክታ፦
«ልጄ፣ ገንዘብህን ከለከሉህ?»

ታች ያለው ባህሩ ግን፣ የወረዳ ጸሐፊው፣
በጣቱ ቆርኩሮ «ይሄ ነው የሠለጠነ!» አለ፤
በወሩ የሱም ሳሎን፣ ከዚያ የላይኛው፣ የጎኑ፣
ግራጫ ለብሶ ግራጫ መሰለ።
ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝ፤
እኔም አልጠየቅሁ። በካሬ ነው የሚከፈለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ወይዘሮ ፌቨን ጠሩኝ፤
እርጥበት ግድግዳውን በልቶታል።
ስፍቅ ቆመው ሲያዩኝ፣
ክርኔ ጋ፣ ቱታዬ ላይ፣ አንድ ጠብታ ደርቋል።
«ይሄ አረንጓዴ የየት ነው? እንዴት ያምራል!»

የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። የሳሎኔ። የሚስቴ ምርጫ።
«አንድ ሆቴል ቀብቼ ነው» አልኳቸው፤
«ፈረንጅ ነው ያስመጣው።»
«ታዲያስ!» አሉ።
ከሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በሱ ቀባሁላቸው፤
እጥፍ ከፈሉኝ፤ ድመቷም ከዚያ ወዲያ
አልጠፋችባቸው።

ማታ ለየሺመቤት ስነግራት አልሳቀችም።
ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፦
«ይሄስ፣ ሁለተኛ እጅ አይቀባም?»
«ሁለተኛ እጅማ ራሱ ነው።»

ወንበር ላይ ወጣች፤ ሚስማሩን ነቀነቀች፤
ለኔ እምቢ ያለው ለሷ እሺ አለ፤
ፈረሱን አወረደች።
ከኋላው፣ አራት ማዕዘን አረንጓዴ፣
የመስኮት ያህል፣
ጮኸ።

ዝም በል አላልኩትም።