ሳል

ነገ ችሎት አለሽ፤ ጽጌማርያም፣ ስሚኝ፤
ከመጽሐፍ የቀረ ከእኔ ጋር አለና፣ ሳይመሽ ጠይቂኝ።
አንቀጹን ታውቂያለሽ፤ ከእኔም አብልጠሽ፤
መቼ እንደሚቀመጡ ግን አላስተማሩሽ።

እኔም አልተማርሁም።

ያኔ፣ መሐል ሜዳ፣ ወርኃ ኅዳር ላይ፣
የችሎቱ ቆርቆሮ ከሌሊት ውርጩ ጋር ሲንጣጣ በፀሐይ፣
ደንበኛዬ ድፋባቸው፣ ባናውን ደርቦ፣
ከወንበሩ ተቀምጧል እንደ ገብስ ነዶ ተሰብስቦ።
ክሱ ምን መሰለሽ? የድንበር ድንጋይ ነው፤
«ከሙት ባሌ ማሳ ሦስት ክንድ ገፍቶ፣ በሌሊት ተከለው»
አለች ዘርፈሸዋል።
ምስክሯም አንድ ነው፦ ወንድይራድ የሚሉት፣
ከጓሳ አፋፍ የመጣ፣ ዘበኛው በትሩን ከደጅ ያስቀረበት።

እኔማ ወጣት ነበርሁ፣
ምላሴን ስስል ያደርሁ፣
ከኪራይ ቤቴ መስታወት ፊት የቆምሁ።

«ጨረቃ ነበረች?»
«አልነበረችም ጌታዬ።»
«ጭጋጉስ?»
«ባዘቶ! አልታየኝም የገዛ ጣቴ፣ የገዛ ከዘራዬ።»
«ርቀቱስ?»
«ውሻ ሲጮኽ የሚሰማበት፣ ሰው የማይለይበት።»
«ፊቱን አየህ?»
«አላየሁት።»

ችሎቱ ጸጥ አለ፤ ዳኛው ጎንበስ አሉ፤
«ፊቱን አላየሁም» የሚለውን ጻፉ፣ ሳይጨምሩ፣ ሳያጎድሉ።

እዚያ ላይ ነበር፣ ልጄ፣
መቀመጥ የነበረብኝ፣ አፌን ይዤ በእጄ።

አልተቀመጥሁም።
ድሉ ጣፈጠኝና እንደ ማር ሠፈፍ፣ ከነንቡ ጎረስሁት፤
ከሰው ፊት ላሳፍረው ብዬ ጠየቅሁት፦
«ታዲያ ፊቱን ካላየህ፣ ጭጋግ ከጋረደህ፣
ድፋባቸው መሆኑን በምን አወቅህ?»

ወንድይራድ ዝም አለ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ።
አልቸኮለም፤ እንደ ሰው ቤት እንግዳ፣ ቃሉን ቀስ ብሎ ቆረሰ።

«በሳሉ» አለኝ።
«ሁለት ደረቅ፣ አንድ እርጥብ፤ አባቱም እንዲሁ ነበር የሚስሉት፤
ሠላሳ ዓመት በአጥር ማዶ። ጭጋግ አይከልለውም፤ ሰማሁት።»

ያን ጊዜ፣ ጽጌ፣ እግዜር ይመስክር፣
ከኋላዬ፣ ከባናው ውስጥ፣ ሳይጠራ፣ ሳይቀጠር፣
ደንበኛዬ ሳለ፤
ሁለት ደረቅ፣ አንድ እርጥብ፣ ልክ እንደተባለ።

ማንም አልሳቀም፤ ዘርፈሸዋል ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤
የጣሪያዋ ቆርቆሮ እንኳ ያን ሰዓት ዝም አለች።
እኔ ሌሊት ሳልሁ፣ ምላሴን፣ ከመስታወት ፊት፤
እሱ ቀን ሳለ፣ ከችሎት።
ሁለታችንም ሳልን፤
ፍርድ የቆረጠው ግን ያልተሞረደው ሆነብን።

ድንጋዩ ተመለሰ ሦስት ክንድ፣ ወደ ጥንቱ ማሳ፤
እኔም መዝገቤን ይዤ ወጣሁ፣ ቀና ሳልል፣ ቃል ሳላነሣ።
ደጅ ላይ ድፋባቸው «ብርዱ ነው እኮ» አለኝ፤
አልመለስሁለትም፤ ቁጭት አንቆ ያዘኝ።

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ለጀማሪ ሁሉ እነግራለሁ፦
«ምስክሩ እጅሽ ሲገባ፣ አንዷን ጥያቄ አስተርፊ፤ ሆድሽ ውስጥ ትደር» እላለሁ።
ጥሩ ምክር ነው፤ ብዙ ረትቼበታለሁ።

ግን ሌላም ነገር አለ፣ ለማንም ያልነገርሁት፤
ባለፈው ጥቅምት በዚያ ሳልፍ፣ ድንጋዩን ቆሜ አየሁት።
ሽበት አብቅሏል፤ የዘርፈሸዋል ገብስ አሽቷል፣ ከአጥር እስከ አጥር፤
ያን ቀን ቁጭ ብል ኖሮ፣ በሌላ ጎተራ ነበር የሚቆጠር።
ጥያቄዬ ጥፋት ነበር ወይስ ጽድቅ? አላውቅም፤
ራሴን ስጠይቀው ኖርሁ፤ ይህ ምስክር አይመልስም።

መሽቷል። ሂጂ ተኚ። ምላስሽን ሌሊት አትሳዪው፤
ጉሮሮሽን ብቻ፣ ልጄ፣ ከመሐል ሜዳ ብርድ ጠብቂው።