የሳሙናው ሰማያዊ

ሙንተሃ፣ መብራቱን አጥፊው፣ በሩን ግጠሚው ቀስ ብለሽ፤
ይህ ዕቃ ጨለማ ይወዳል፣ ያያል አንቺ ማየት ሲያቅትሽ።
የምትሰጪውን ብርሃን፣ ከዚያ የምትቀበይውን ምረጪ፤
በአንዱ በር አስገቢው፣ በሌላው በር አውጪ።
የገባው አጭር ሞገድ ሲወጣ ረዝሞ ይመጣል፤
ሞለኪዩል ደላላ ነውና ከጉልበቱ ቆርጦ ይሰጣል።
ማጣሪያው ለዚህ ነው፤ የራስሽን መብራት ካልጋረደልሽ፣
የላክሽውን መልሰሽ አይተሽ «አገኘሁ» ትያለሽ።
ውሃም ዝም አይልም፤ ንጹሕ ነው ብለሽ አትናቂው፣
የራሱ ደካማ ብርሃን አለው፤ ቁጥሩን ቀድመሽ እወቂው።

እኔ ይህን የተማርኩት እዚሁ ሐምሪያ፣ ከጨው መለያው ጀርባ፣
የነሐሴ ወበቅ መስኮቱን ከውጭ በኩል ሲያስነባ።
ያኔ ብርጭቆ አጣቢ ነኝ። ኬሚስቱ ስሪድሃራን፣
ሻዩን ቆሞ የሚጠጣ፣ ከቁጥር በቀር ማንንም የማያምን።

አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከመግቢያው ቧንቧ የቀዳነው
በሦስት መቶ ስድሳ ናኖሜትር ሲመታ
በአራት መቶ አርባ ነደደ፤ ምንድን ነው?
«ዘይት ነው» አለ፤ ስልኩን አነሣ፣ ቧንቧውን ሊያስዘጋ፤
የስንት ሺህ ቤት ውሃ ሊቆም ነው፣ ገና ሳይነጋ።

እኔ ግን ያንን ሰማያዊ ከዓይኔ በፊት በእጄ አወቅሁት፤
ዐጅማን፣ በአቡ ሰይፍ ቤት፣ ሰባት ዓመት ያጠብኩት፣
በሳምንት ዐሥራ አራት ከንዱራ፣
ነጩን ከነጭ በሚያስበልጥ የዱቄት ሳሙና፣ ጥፍሬ እስኪላጥ።
የታላቁ ልጅ ሠርግ ዕለት፣ አዳራሹ ሐምራዊ መብራት ሲያበራ
ትሪ ይዤ ከግድግዳው ሥር ቆሜ፣
ልብሱ ሁሉ ሰማያዊ ነደደ።
ፊት አይታይ፣ እጅ አይታይ።
በዚያ ሁሉ ጨለማ የበራው የእኔ ሥራ ብቻ ነበር፤
ማንም አላወቀም።

«ዶክተር» አልኩት፣ «ብልቃጡን በምን ወለወልከው?»
የጋወኑን ጫፍ አየ። ትናንት ማታ ነው ያጠበው።
«እስቲ መብራቱ ላይ አቆየው፤ ዘይት በዋዛ አይለቅም፤
ሳሙና ከሆነ ግን፣ ፀሐይ እንደመታው ጨርቅ፣ ሩብ ሰዓት አይዘልቅም።»

ጠበቅን። አምስት ደቂቃ፤ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ።
ዐሥር ደቂቃ፤ ግማሹም አልቀረ።
ከዚያ ውሃውን አዲስ ቀድቶ፣ ብልቃጡን በኳርትዝ ለውጦ፣
በሦስት መቶ ዐሥር መትቶ፣ በሦስት መቶ ስድሳ ጠየቀ፤
ዘይት ቢኖር እዚያ ይጮህ ነበር። ባሕሩ ዝም።
በስልኩ ውስጥ «ሃሎ፣ ሃሎ» የሚለው ሰው ጉሮሮው ደረቀ።

አላመሰገነኝም። በማግስቱ የማጣሪያዎቹን መሳቢያ ቁልፍ
ከማጠቢያዬ ጠርዝ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው ጋር አኑሮልኝ ሄደ፤
ብርጭቆውንም እንዳጥብለት ይሁን፣ ወይ እንድጠጣው፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በይ አሁን፣ ማጣሪያውን ጠርዙን ይዘሽ አስገቢ፤ ጣት መሃሉን አይንካ።
እኔስ ሽታም ቀለምም በሌለው ሳሙና ነው የማጥበው፤
ሙንተሃ፣ እጅጌሽ ሲያበራ አያለሁ፤
ያንቺን ጋወን በምን አጠብሽው?