ጠቅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሐማማትሱ ከተማ፣
የኩዙሃራ ሥራ ይህ ነበር፦ ቁልፍ አዙሮ መስማት፣ ደግሞ አዙሮ ሊሰማ።
የመኪና ማሞቂያ ቁልፍ፣ የራዲዮ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ያዞራል፤ ጣቱ ናት የእሱ መለኪያ።

«ይቺ ላላች» ይላል፤ «ይቺ ደግሞ ኩራት አላት፣
ሾፌሩን ታስለምናለች፤ ከውስጥ ሽቦዋን አሳጥሩላት።»
ከፀጉር የቀጠነች ምላስ፣ ከብረት የተሠራች፣
ከጥርስ ወደ ጥርስ ስትዘል፣ ጠቅ እያለች፣
ለጣት ትነግረዋለች፦
«ደርሰሃል። እዚህ ነው። በቃ።
አንተ መንገድህን ጠብቃ።»

ኋላ መስታወት መጣ።
ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ሰፊ፣ ዳርና መሃሉ የማይታወቅ፣
ከመሪው ጎን ተዘርግቶ እንደ ሌሊት ኩሬ የሚያብረቀርቅ።
ነፋሱም፣ ዘፈኑም፣ የመቀመጫው ሙቀት፣
ሥዕል ሆኖ ሰመጠበት።
ጣት ሥራ ፈት ሆነ፤ ዓይን ለሁለት ጌታ ገባ ሎሌነት።

ወጣቶቹ መሐንዲሶች ደጎች ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡት፤
«ርካሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል» አሉት።
እሱ በመሃረቡ የጣቱን አሻራ ከገጹ ላይ ጠረገ።
ምንም አላለም። ምን ይበል? ገበያው ነው የፈለገ።

ጡረታው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን መጥተው ለመኑት፦
«መስታወቱ ዲዳ ነው። ሰው ነክቶት መንካቱን
የሚነግረው አጣ። ያንተን ጠቅታ እንቅዳት፣
ከድምፅ ማጉያው እናውጣት።»

ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ፣ ማሚቶ የማያድርበት ክፍል
አስገቡት። ጉልበቱ ላይ አንድ አሮጌ የማሞቂያ ቁልፍ።
አዞረ። ጠቅ።
ደግሞ አዞረ። ጠቅ።
በሦስተኛው፣ ሳያስበው፣
በአፍንጫው ትንሽ ትንፋሽ አመለጠው።
«ግድ የለም፣ ይቆረጣል» አለ ቀጂው ልጅ።
አልተቆረጠም።

በሰኔ፣ ዝናቡ ሳያባራ ውሎ በሚያድርበት፣
የልጁን የቺዙሩን አዲስ መኪና ይነዳል፣ በሌሊት።
እሷ ከሆስፒታል ተረኛ ወጥታ አጠገቡ ተኝታለች፤
የተንሪዩ ድልድይ ከፊት አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች።
የፊቱ መስታወት ከውስጥ ላበው። እጁ፣ ማንም ሳያዛት፣
ወደምታውቀው ቦታ ሄደች። ባዶ ልሙጥ ጠበቃት።
ዳበሰች። እዚህ? እዚያ? ነካች።

ጠቅ።

የራሱ ናት። አወቃት። ከኋላዋም፣ እንደ ጥላዋ፣
ያቺ አምልጣ የቀረች ትንፋሽ፣ የዚያች ክፍል፣ የዚያን ዕለቷ።
ጉሙ ግን አልገፈፈም። ከሥሩ ወንበሩ ይግል ጀመር፣
በሰኔ፣ ያለ ነገር።

ቺዙሩ ነቃ አለች። «አባባ፣ ምን ፈልገህ ነው?»
«ቁልፍ።»
«ቁልፉማ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ኪስህ ውስጥ ነው።»

ከድልድዩ በፊት ዳር ይዞ ቆመ። በእጅጌው መስታወቱን ወለወለ።
ከዚያ ኪሱ ገባ። እውነቷን ነው፣ አለ፤
ለስላሳ ጠጠር የመሰለ፣ ጥርስ የሌለው።
በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጠቅ አላለ።