ግድግዳ የሚያየው ወገን

በጥር፣ ውርጩ ጠንቶ ቧንቧው የፈነዳ ዕለት፣
ሃፕሳሉ፣ ኢስቶኒያ፣ ከማይሬ የእንጨት ቤት፣
ውሃው ሌሊቱን ሙሉ በወለል ተንከባሎ
ሁለት ክንድ በላባት ከሳሎን ዞኮሎ።

ማግስቱን ሳሎኑ ወላቃ ሆኖ ታየ፤
ዐይኗም ከዚያ ክፍተት ዘወር አላለም፣ አልተለየ።
አርባ ዓመት የኖረች ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ፣
ወላቃ ካየች እጇ መች ያርፋል ከሥራ?

ሱቅ ሄደች። ልጁ ስልኩን እየነካካ
“ልሙጥ ነው ያለን” አላት፣ “አገሩ በልሙጥ ረካ።
እንዲህ ጉብ ዝቅ ያለ፣ ማዕበል የመሰለ፣
አቧራ ከመያዝ በቀር ምን ጥቅም አለው?” አለ።

አልተከራከረችም። ገባች ምድር ቤቷን፣
አወጣች ያንን የድድ መለኪያ ሰሟን።
በለብታ ውሃ አልዝባ፣ በአውራ ጣቷ ገፍታ፣
ከተረፈው እንጨት ላይ ለጥፋ፣ ቆይታ፣
ስትልጠው፦ ጉብታው፣ ስርጉዱ፣ ፀጉር የምታህለው መስመር፣
አንድም ሳይቀር ታተመ። የሷ ሰም አይዋሽም ነበር።

ማሽኑን ከጎረቤት፣ ከሄልዱር ተዋሰች።
(ራውተር ይሉታል ስሙን፤ ኢንተርኔት የሚረጨው
ሳጥን እንዳይመስላችሁ፤ ይሄስ እንጨት ነው የሚፈጨው፣
በደቂቃ ሃያ ሺህ የሚዞር የብረት ጥርስ።)
“ጥርስን ለኔ ተወው” አለችው፤ ሸኛት እስከ በሩ ድረስ።

አንድ ጥርስ ያን ሁሉ ቅርጽ ብቻውን አይወልድም፤
ክብና ሾጣጣ፣ ተራ በተራ እንጂ፣ አይሆንም።
ጥዱም በአንዴ አይበላም፤ በትንሽ በትንሽ ነው፣
ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ደግሞ ሁለት፣ ሕፃን እንደሚጎርሰው።
እንጨቱን ከዙሩ ጋር የገፋ ያመልጠዋል፤
በዙሩ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ለገፋው ይታዘዛል።

በመጀመሪያው ጣውላ ቸኮለች፤ ጥዱ ነደደ፤
ሁለተኛው ጉጥ ነበረው፤ ጉጡ ተፈንቅሎ ሄደ፣
መስኮቱን መታ።
ቁጭ አለች። መነጽሯን አወለቀች፣
ማሽኑን ሳታጠፋው ግማሽ ሰዓት ዝም አለች።

ከዚያ ተነሣች።
ሦስተኛው፣ ጉጥ የለሽ፣ ጅማቱ ቀጥ ያለ፣
ከወዲያ ጫፍ ሲወጣ ማዕበሉን አዘለ።
ሰጋቱራው ቅንድቧ ላይ፣ ኪሷ ውስጥ፣ ከጫማዋ፤
ሳምንት ሙሉ ሲራገፍ ከረመ ከትራሷ፣ ከፍራሽዋ።

ሰሙን በጀሶ ተካች፤ ጀሶው ደርቆ ጠነከረ፤
ብርጭቆ ወረቀት ለብሶ ስርጉዱን ሁሉ ዞረ።
ሰማንያ፣ መቶ ሃያ፣ ከዚያ ሁለት መቶ ሃያ፣
ጥፍሯ እንኳ እስኪያጣ ድረስ መሰናከያ።
ቀጥሎ የተልባ ዘይት፣ ሞቅ አድርጋ፣ በጨርቅ፤
ጥዱ ጠጣ፣ ጠጣ፤ ደግማ ቀባች ሲደርቅ።
ጨርቁን ደጅ ዘረጋችው፤ ተጨብጦ ከተጣለ
ራሱን ያቃጥላልና፣ ሄልዱር እንዳለ።

ልትሰካው ስትል ነው። ከማዕዘኑ አሮጌውን
በጥንቃቄ ነቀለች፣ ልትገጥምበት አዲሱን።
ጀርባው ላይ የእርሳስ ጽሕፈት፤ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል፦
“አጠረ። እንደገና አጠረ። ታኒኤል” ይላል።
ዓመቱ በነሱ አቆጣጠር አሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ።
ሌላ ምንም። ከግድግዳ ጋር ሲያወራ የኖረ አንድ
የአናጢ ብስጭት።

ሳቀች። ለካች። ሁለቴ። ሦስተኛም ለካች።
ቆረጠች።
አጠረ።

በጥፍር ስፋት። ስቱኮ ይሞላዋል፤ ቀለም ይሸፍነዋል፤
እሷ ግን ታውቃለች፤ ታኒኤልም ያውቅ ይሆናል።
እርሳሷን ከጆሮዋ መዘዘች፤ ጽፋ ገለበጠችው፤
በቀጭን ሚስማር መታች። ግድግዳው ነው የሚያውቀው።

በሚያዝያ፣ ነጩ ቀለም ሁለቴ ተቀብቶ ደርቆ፣
ሄልዱር መጥቶ ተንበረከከ፣ ከጉልበቱ ጋር ተናንቆ።
በባትሪ አበራ፣ ዳበሰ፣ አጎነበሰ፣
ከመስኮቱ እስከ በሩ አንዴ ሄዶ ተመለሰ።
“ይቺ ናት አዲሷ” አለ፣ “ገና ታስታውቃለች፤
ትንሽ ጠመም ብላለች። ግን ለጀማሪ? ትሄዳለች።”

ጣቱ ያረፈው ታኒኤል ላይ ነው። ማይሬ ምን ብላ ትናገር?
“እውነትህን ነው” አለች፤ “ይሻሻላል በሚቀጥለው በር።”