የሥር ፍርድ ቤት

ጦሳ ጭጋጉን ደርቦ ገና ሳይነሣ፣
ታክሲው መብራት አብርቶ ሲወርድ ከፒያሳ፣
ከኮምቦልቻ ሙቀት ሐረጎን ወጥቼ፣
ጫፉ የተቆረጠ ጓንት በጣቴ ሰክቼ፣
ጀመርኩ። የይግባኝ ችሎት ጸሐፊ ነኝ።

ሥራዬ ሦስት ቃል ነው፦
ጸንቷል። ተሽሯል። ተሻሽሏል።
የቀረው መንደርደሪያ ነው፤ ዳኛው ይናገራል፣ ጣቴ ይመታል፣
ማኅተሙ ያርፋል፣ ሰውዬው ደረጃውን ይወርዳል።
በአሥራ ስድስት ዓመት
ከገበታዬ ላይ የ«ሸ» ቀለም ጠፍቷል፤
በመሻርና በመሻሻል መካከል ጣቴ ልጦታል።

መዝገብ አንድ፣ ፍትሐ ብሔር። ቦታው ሳላይሽ ሠፈር።
ይግባኝ ባይ ጦይባ እብሬ፤ መልስ ሰጪ አራጋው መንበር።
የአራጋው ባሕር ዛፍ፣ ሥሩ በአጥር ሥር አልፎ፣
የጦይባን ጓዳ ሰነጠቀ፣ ይላል ክሱ፣ መሠረቱን አቅፎ።
ወረዳው «ይቆረጥ» አለ፤ ከፍተኛው «ግድግዳው አርጅቶ ነው» ብሎ ሻረ፤
እኛ ጋ እስኪደርስ አራት ክረምት፤ መዝገቡ ከዛፉ ወፈረ።

«የሥር ፍርድ ቤት» ብዬ ስጽፍ ሁልጊዜ ሣቅ ይተናነቀኛል፦
ከመሬት በታች፣ በእርጥቡ ጨለማ፣ ዳኛ የተሰየመ ይመስለኛል፤
ትሉ ይምላል፣ ጠጠሩ ኤግዚቢት ነው፣
ሥር ሥርን ከሶ «ውሃዬን ጠጣው» የሚለው።

ውሳኔ፦
የከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሽሯል፤
የወረዳው ጸንቷል።
ዛፉ ይቆረጥ።

ጦይባ ግልባጭ ልትወስድ መጣች። መነጽር የላትም፤ አነበብኩላት።
ዝም አለች። ከዚያ፣ «የቱ ዛፍ፣ ልጄ?» አለች።
አራጋው ቆርጦታል፤ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤
የጦይባ ባል ሲሞት፣ ለለቅሶው ድንኳን ተራዳ አጥተው፣
በሌሊት፣ በመጥረቢያ፣ ማንም ሳያዘው።
«ታዲያ ክሱን ለምን አላነሣችሁም?»
«እኔ ባነሣ የተረታሁ ይመስላል፤ እሱም እንደዚያው።
ደግሞ በየቀጠሮው አብረን ነበር የምንመጣው፣
የባጃጁን ሒሳብ ተካፍለን።»

መዝገብ ሁለት፣ ወንጀል።
ይግባኝ ባይ ሙሄ ይመር፣ ሹፌር፤ ባቄላ የጫነ መኪና፤
ሐረጎ ቁልቁለት፣ ፍሬን እምቢ ያለበት፣ ጭጋግ፣ ጠባብ ጎዳና።
ሟች ኑርዬ፣ ድንች ሻጭ፤ ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ተጻፈ፤
ከዚያ ወዲያ «ሟች» ነው፤ ገጽ አለፈ፣ ገጽ አለፈ።
ሰባት ዓመት ተፈርዶበት ነበር።
ችሎቱ የመካኒኩን ቃል እንደገና መርምሮ፣
ንዑስ ቁጥር ሦስትን በንዑስ ቁጥር ሁለት ቀይሮ፣
ተሻሽሏል አለ፦ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር።
የታሰረው ግን (በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜም በካልኩሌተር)
ሦስት ዓመት ከዐሥር ወር።

ስምንት ወር ተረፈ።
የት ይግባ? ቅጹ ቦታ የለውም።
«በሌላ ጉዳይ የማይፈለግ ከሆነ ይፈታ» ከሚለው በታች
ነጭ ወረቀት ነው፤ ስምንት ወር በነጭ ላይ አይታይም።
ቁስል ይሽራል፣ ፍርድ ይሻራል፤ በመካከላቸው አንዲት ፊደል፣
ያቺው ቀለሟ የተላጠው።
የኑርዬ እናት ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች።
ይግባኝ ለማለት ተከራካሪ ወገን መሆን ያስፈልጋል፤
እሷ ወገን አይደለችም። እናት ናት።
ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማታ፣ የኮምቦልቻው ሚኒባስ ሞልቶ፣
ሙሄ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ልብሱን በፌስታል ከትቶ።
አላወቀኝም። የጸሐፊ ፊት ማን ያስታውሳል?
ረዳቱ ሒሳብ ሲለው አምስት ብር አወጣ፤
«የድሮ ዋጋ ነው ጋሼ፣» ብሎ ሣቀበት።
ከፈልኩለት። ቀና ብሎም አላየኝ።

ሐረጎ። ጭጋግ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ
ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ፣
አጥብቆ፣ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ፣
ፍሬን የሌለበትን የተሳፋሪ ወለል።
ሚኒባሱ በሰላም ዞረ። እግሩ አልተነሣም።

ታች፣ ቦርከና ማዶ፣ መብራቶች አንድ በአንድ ይበራሉ፤
እኔም በጉልበቴ ላይ፣ ገበታ እንዳለ ሁሉ፣
አንድ ስም መታሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ለሁለተኛ ጊዜ፦
ኑ
ር
ዬ